ያለ አውሬ የሚታደን አደን፦ በመጸው ከአዳኝ ውሾች ኋላ ለመጋለብ ለምታስቡ

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ ፈረስ ወዳድ ወገኖቼ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ እየከፈላችሁ የምትጋልቡና በፈረስ ጋጣ ሥራ የምትተዳደሩ፣ ስለ ድራግ ሀንቲንግ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አውሬ ይገደላል ወይ? የሀብታም ጨዋታ ነው ወይ? እኛን ያስገቡናል ወይ? አጥር መዝለል ግዴታ ነው ወይ? እኔ በኬንትና በሱሴክስ አዋሳኝ ገጠር ከአንድ የድራግ ማኅበር ጋር መጋለብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ መጸው በመጣ ቁጥር ሌላውን ጉዳዬን ሁሉ በእሱ ዙሪያ አሰናዳለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ግልቢያውንና ዝላዩን ነው። ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን መቆም ነው። ረጋ ብሎ መቆም የሚችል ፈረስ ካለ፣ ሳይንቀጠቀጥ ማቆም የሚችል ጋላቢ ካለ፣ ሌላው በጊዜው ይደረስበታል።

አባቴ የእንጅባራ ሰው ናቸው። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረሳቸውን ሸልመው ሲወጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይህን አደን ስጀምር በስልክ ያስረዳኋቸው እንዲህ ነበር።

«ልጄ፣ አውሬ ከሌለ ውሾቹ ምን ይከተላሉ?»

«ሽታ ነው አባዬ። አንድ ሰው ሽታ የተነከረ ጨርቅ እየጎተተ አስቀድሞ ይሮጣል። ውሾቹ በዚያ ይሄዳሉ፤ እኛ ደግሞ በፈረስ ውሾቹን እንከተላለን።»

«ሰውየውን ቢይዙትስ?»

«እሱ እኮ አስቀድሞ አልፏል። ቢደርሱበትም ይልሱታል እንጂ አይነክሱትም።»

ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ፈረሱም ውሻውም ይሮጣል፣ ደም ግን አይፈስም። ይሁን፣ ደግ ነገር ነው» አሉ። ነገሩ ከዚህ ባጠረ ቃል ይገለጻል ብዬ አላምንም።

ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ውሻና ፈረስ ይዞ ገጠር የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም፤ ልዩነቱን ሳታውቁ እንዳትመዘገቡ። በእንግሊዝና በዌልስ የዱር እንስሳትን በውሻ ማደን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2005 ጀምሮ ጸንቷል። ከዚያ ወዲህ የቀበሮ አዳኝ ማኅበራት ትሬል ሀንቲንግ ወደሚባለው ዞሩ። በትሬል ውሾቹ የሚከተሉት በአብዛኛው ከእንስሳ የተወሰደ ሽታ ነው፤ ሽታው የሚጣለውም ቀበሮ በሚኖርበት ጫካና ቁጥቋጦ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሾቹ እውነተኛ ቀበሮ ሲያገኙ ወደ እሱ ይዞራሉ፣ ይህ የሕጉ ማምለጫ ነው የሚል ክርክር ሳይበርድ ቆይቷል። የሌበር ፓርቲም በ2024 የምርጫ ማኒፌስቶው እንደሚያግደው ቃል ገብቷል። ድራግ ግን ከሕጉ በፊትም የነበረ፣ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የድራግ ማኅበር የተመሠረተው በ1855 ነው። በድራግ መስመሩ ከገበሬው ጋር በስምምነት አስቀድሞ ይቀየሳል፤ የውሾቹ መሪም የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያውቃል። ብላድሀውንድ በሚባሉት ረጅም ጆሮ ባላቸው ውሾች የሚካሄደው ደግሞ ምንም ሽታ ሳይጨመርበት የሯጩን የራሱን የሰውነት ጠረን መከተል ነው። እንደ እኔ ነፍስ ላለው ነገር የምትሳሱ ከሆነ ከድራግና ከብላድሀውንድ አንዱን ምረጡ። ማኅበሩ የሚያካሂደው የትኛውን እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ፤ ጥያቄው ነውር የለበትም።

የሽታው ቅመም ከማኅበር ማኅበር ይለያያል። ብዙ ጊዜ የአኒስ ዘይት አለበት፤ ኡዞ የሚባለውን የግሪክ መጠጥ ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። እኛ ጋ ሯጩ ወፍራም የጎማ ጓንት አጥልቆ ዘይቱን ከጠርሙስ በአሮጌ ጆንያ ቁራጭ ላይ ያፈሳል፤ ጆንያው በሁለት ሜትር ገደማ ገመድ ይታሰርና ከኋላው መሬት ለመሬት ይጎተታል። ውሾቹ ከመለቀቃቸው ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞ ይነሳል። አስፋልት መንገድ አጠገብ ወይም በግ ያለበት መስክ ላይ ሲደርስ ጆንያውን አንሥቶ ይይዘውና ካለፈ በኋላ መልሶ ይጥለዋል። ውሾቹ እዚያ ሲደርሱ ሽታው ይጠፋባቸዋል፤ ይቆማሉ፣ ይበተናሉ፣ አፍንጫቸውን ሣር ላይ ተክለው ክብ እየሠሩ ይፈልጋሉ። እኛም እንቆማለን። ይህ ማቆሚያ ታስቦ የተሠራ ነው፦ ፈረሱ ትንፋሹን እንዲሰበስብ፣ ወደ ኋላ የቀረው እንዲደርስ፣ ውሻውም በራሱ አእምሮ እንዲሠራ። አንድ መስመር በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በቀኑ ውስጥ ሦስት ወይም አራት መስመር ይኖራል፤ በመካከላቸውም እረፍት አለ። መስመሩ ሲያበቃ ውሾቹ ሥጋ ወይም ጨጓራ ይጣልላቸዋል። የለፉበትን ያገኛሉና ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ልዩ ነው።

የመጸው ወራት የራሱ ጠባይ አለው። በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ እህሉ ታጭዶ ገለባው ብቻ የቀረበት ሰፊ መስክ ስለሚኖር የሚጋለብበት ቦታ ብዙ ነው። ገበሬው የክረምት ስንዴውን ሲዘራ ግን ያ ሁሉ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በመስኩ ዳር ዳር ብቻ ነው። የእኛ አካባቢ ወፍራም የሸክላ አፈር ነው። ዝናብ ካልዘነበ እንደ ድንጋይ ይደርቅና የፈረሱን ጅማትና አንጓ ይጎዳል፤ ሲዘንብ ደግሞ ጫማ የሚነቅል ጭቃ ይሆናል። ወደ ደቡብ በሚገኙት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ግን ውኃው ቶሎ ስለሚሰርግ ከዝናብ በኋላም ይጋለባል። ስለ ሽታውም፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ መሬቱ ከአየሩ ሞቅ ሲል፣ እርጥበት ሲኖርና ነፋስ ሲረጋ ሽታው ሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ ውሾቹም ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ይነጉዳሉ። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ባለበት ቀን ሽታው ይበተናል፤ ጉዞውም እየተቆራረጠ ይሄዳል። ለጀማሪ እንዲህ ያለው ሽታ የደከመበት ቀን ይሻለዋል እላለሁ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የውሾቹም ሥራ በዓይን ይታያል።

እንዴት ይገባል? በመጀመሪያ ለማኅበሩ ጸሐፊ መልእክት ጻፉና አንድ ቀን በእግር ወይም በመኪና ተከትላችሁ ተመልከቱ። አብዛኛውን ነገር በዚያ አንድ ቀን ትረዳላችሁ፤ ሰውም ፊታችሁን ይለምዳል። ስለ ቆዳ ቀለማችሁ የምትሰጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጠይቃችሁኛል። እኔ ያጋጠመኝ የሚበዛው የማወቅ ጉጉት ነው፤ ከየት እንደመጣሁ ሰምተው ስለ አገራችን ፈረሶች የሚጠይቁኝ ሽማግሌ ገበሬዎች ዛሬ ወዳጆቼ ናቸው። ለቀኑ የሚከፈለው ገንዘብ ከማኅበር ማኅበር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የራሳችሁ ፈረስ ከሌላችሁ ለቀኑ የሚከራይ አለ። ኪራዩ በቀላሉ ከመቶ ፓውንድ በላይ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ፈረስ ማለት አስተማሪ ማለት ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ ማውጫ አላውቅም። ስትከራዩ ችሎታችሁን ሳትጨምሩም ሳትቀንሱም ተናገሩ፤ ክብደታችሁንም ጭምር። ሌላው መንገድ እኔ የያዝኩት ነው፦ አንዲት ዳማ ባዝራ ከባለቤቷ ጋር ወጪዋን ተካፍለን በየተራ እንጋልባታለን። በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ይኑራችሁ፤ የብሪቲሽ ሆርስ ሶሳይቲ የጎልድ አባልነት ይህን ሽፋን ስለሚጨምር ብዙዎቻችን በዚያ እንጠቀማለን። ፈረሷን በመኪና ስትወስዱ ፓስፖርቷ አብሯችሁ ይሂድ።

አሁን ወደ ፈረሱ። በጋውን በሣር ላይ የከረመ ፈረስ በድንገት ለአደን አይወጣም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዝግጅት ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ለሁለት ለሦስት ሳምንት እርምጃ ብቻ፣ በጠንካራ መንገድ ጭምር፣ ጅማቱ እንዲጠና። ከዚያ ሶምሶማ፣ በተለይ ዳገት ላይ። ሽምጥ ግልቢያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው እርምጃውን ይሰለቸዋል፤ የፈረሱ እግር የሚሠራው ግን በዚያ ነው። በመጸው ፀጉሩ መወፈር ስለሚጀምር ላቡ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ጥቅምት ላይ የአንገቱንና የሆዱን ፀጉር ማሳጠር የተለመደ ነው። ከተላጨ ማታ ማታ ልብስ ይደረብለት።

ከሩጫው እኩል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ የሚለማመደው መቆምን ነው። በአገራችን ለጉግስ የሠለጠነ ፈረስ ሲለቁት ይወረወራል፣ ሲጠመዝዙት በኋላ እግሩ ይዞራል፤ ውበቱም በዚያ ነው። እዚህ ደግሞ አርባና ሃምሳ ፈረስ ከፊቱ ሲጋልብ አንተ ቆይ ሲባል የሚቆይ ፈረስ ይፈለጋል። ይህ ለፈረስ ተፈጥሮው አይደለም፤ መንጋው ከሄደ እሱም መሄድ አለበት። እኛ የምናለማምደው እንዲህ ነው። ሦስት አራት ሆነን ወደ መስክ እንወጣለን። ሌሎቹ በእርምጃ ይርቃሉ፣ አንዱ ይቀራል። ፈረሱ ሲረጋ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሌላ ቀን በሶምሶማ ይርቃሉ፤ ከዚያም በሽምጥ። የጋጣችን ኃላፊ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ከአዳኝ ውሾች ጋር ያሳለፈች ሴት፣ ዛብ ስጎትት አይታ ያለችኝን እስከ ዛሬ ለሌሎች እነግራለሁ፦ «እሷን ለማቆም አትታገይ። መጀመሪያ አንቺ ቁሚ፤ ወገብሽ ሲቆም እሷ ትሰማሻለች።» እውነቷን ነው። ዛብ የማያቋርጥ ጉተታ ሲሆን ፈረሱ ተደግፎበት ይበልጥ ይጎትታል። አንድ እጃችሁን ከጋማው ሥር አንገቱ ላይ ተክላችሁ፣ በሌላው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ትከሻችሁን ወደ ኋላ መልሱ፣ ተንፍሱ። ይህን በባዶ መስክ ያልለመደ ሰው በሃምሳ ፈረስ መካከል አይማረውም።

ልብስን በተመለከተ መጸው ቀለል ያለ ነው። ዋናው የአደን ወቅት እስኪከፈት፣ ማለትም እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ገደማ ድረስ፣ ትዊድ ኮትና ሸሚዝ ከክራባት ጋር ይበቃል። የጥቁሩ ኮትና የነጩ የአንገት ጨርቅ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚያ ጨርቅ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መርፌ ቁልፉ የሚሰካው አግድም ነው። ቢወድቁ ጫፉ ጉሮሮ እንዳይወጋ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ጨርቁም ለቆሰለ ፈረስ ወይም ለተሰበረ ክንድ ማሰሪያ ሆኖ ያገለግላል። ልብስ ከሁለተኛ እጅ ሱቅ ግዙ። ሄልሜት ግን አዲስ፣ ደረጃውን የጠበቀና ራሳችሁ ላይ የተለካ ይሁን። የደረት መከላከያም ልበሱ፤ ሌላው ቢለብስም ባይለብስም።

በቀኑ ጠዋት ከመገናኛው ቦታ ራቅ ብላችሁ መኪናችሁን አቁሙና የቀረውን በእርምጃ ሂዱ፤ ፈረሱ ጀርባው ይሞቃል፣ ልቡም ይረጋል። ስትደርሱ በቅድሚያ ማስተሩን፣ ማለትም የማኅበሩን አለቃ፣ ቀጥሎ ጸሐፊውን ፈልጋችሁ እንደምን አደራችሁ በሉ። ከሰዓት በኋላ ቢሆን እንኳን እዚያ የሚባለው ደህና አደራችሁ ነው፤ ስትለዩም ገና ፀሐይ ሳለ ደህና እደሩ ትላላችሁ። ሰላምታ ያለመስጠት ከማንኛውም የግልቢያ ጉድለት ይልቅ ይታወሳል። እዚያው ቆማችሁ ሳላችሁ ትንሽዬ ብርጭቆ መጠጥና የሚቀመስ ነገር ይዞራል። መጠጡ ብዙ ጊዜ ፖርት የሚባለው ጣፋጭ ወይን ስለሆነ የማትጠጡ ሳታፍሩ አመስግናችሁ እለፉ። በጭራው ላይ ቀይ ሪባን ያሰረ ፈረስ ይራገጣል ማለት ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ገና ልጅ ነው፣ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ሁለቱንም ራቁ። እናንተም የማታውቁትን ፈረስ ከተከራያችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።

ከዚያ ውሾቹ ይመጣሉ። የሚቆጠሩት በጥንድ ነው፤ አሥር ጥንድ ተኩል ከተባለ ሃያ አንድ ውሻ ማለት ነው። ከሁሉ የበለጠው ሕግ እዚህ ላይ ነው፦ ውሻ ሲያልፍ የፈረሳችሁን ፊት ወደ ውሾቹ አዙሩ፣ ጀርባውን አትስጧቸው። ፈረስ በኋላ እግሩ አንድ ውሻ ቢመታ የዓመታት ልፋት ይጠፋል፤ እያንዳንዱን ውሻ በስሙ የሚጠራ ሰው አለው። በጠባብ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ወደ ዳር ተጠጉ፣ ፈረሳችሁን አግድም አድርጉና ጠብቁ።

የውሾቹ መሪ መለከቱን ነፍቶ ውሾቹን ሽታው ወደሚጀመርበት ሲወስዳቸው ፈረሶች ሁሉ ያውቃሉ። የኔዋ ባዝራ ጆሮዎቿን ቀስራ፣ ልቧ በኮርቻው ጠፍር በኩል ለጉልበቴ እስኪሰማኝ ድረስ ትመታለች። የመጀመሪያው ውሻ ድምፅ ያሰማል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ይህን ጩኸት መግለጽ እወዳለሁ፣ ግን ሰምቶ ያላወቀን ሰው ማሳመን ይከብዳል፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ ተደባልቆ ሸለቆውን ሲሞላው ሰው ሳያስበው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። በዚህ ሰዓት ነው የፊልድ ማስተሩን ጀርባ ማየት ያለባችሁ። ጋላቢዎቹን የሚመራው እሱ ነው፤ እሱን መቅደም ፈጽሞ አይፈቀድም። እሱ እጁን ሲያነሣ ሁሉም ይቆማል። ለማቆም ጊዜ እንዲኖራችሁ ከፊታችሁ ካለው ፈረስ ቢያንስ ሁለት የፈረስ ርዝመት ያህል ራቁ።

ስለ አጥር ትፈራላችሁና ላረጋጋችሁ። ድራግ ላይ አጥሮቹ አስቀድሞ የተመረጡና የተመረመሩ ናቸው። ከፍታቸው በአብዛኛው ከሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ በብዙ ማኅበራት ለማይዘል ሰው በበር የሚያልፍ ሌላ ቡድንና ሌላ መሪ አለ። በዚያ ቡድን መውጣት ሙሉ ቀን መጋለብ ነው፤ ማንም ዝቅ አድርጎ አያያችሁም። ለመዝለል ከወሰናችሁ ግን በመጸው አንድ አደጋ አለ። የቁጥቋጦው አጥር ገና ቅጠሉን አላረገፈም። ከወዲያ ማዶ ያለው ቦይ፣ በመካከሉ የተዘረጋው ሽቦ፣ አይታይም። ስለዚህ ሁልጊዜ መሪው በዘለለበት ቦታ ብቻ ዝለሉ። አንድ ክንድ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ብላችሁ የተሻለ ቦታ አትፈልጉ። ከፊታችሁ ያለው ሰው አርፎ እስኪርቅ ድረስ ጠብቁ፤ ወድቆ ሊሆን ይችላልና። ፈረሳችሁ እምቢ ካለ ወዲያው ዘወር ብላችሁ ለሚመጣው መንገድ ልቀቁና ከሁሉም ኋላ ሞክሩ። ከመነሳታችሁ በፊትና ከመጀመሪያው መስመር በኋላ የኮርቻውን የሆድ ጠፍር እጃችሁን አስገብታችሁ እዩት፤ ፈረስ ሲሮጥ ሆዱ ይሰበሰባል፣ ጠፍሩም ይላላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስለኛል።

ሽታው ጠፍቶ ሁሉም በቆመበት ሰዓት ዝም በሉ። የውሾቹ መሪ ውሾቹ እንዲያስቡ ይፈልጋል፤ የሰው ወሬ ጭንቅላታቸውን ከመሬት ያነሣዋል። ፈረሳችሁን ነፋሱ ከኋላ እንዲመታው አዙራችሁ አቁሙት፤ ዛቡን ለቀቅ አድርጉለት፣ ራሱን ይዘርጋ። መቆም ካቃተው በትንሽ ክብ በእርምጃ አዙሩት እንጂ አትቆጡት። በመጸው ደግሞ ሰው ሁሉ ለጥላና ለነፋስ መከለያ ብሎ የኦክ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ፍሬው በዚህ ጊዜ ይረግፋል፣ ፈረስም ይወደዋል፤ በብዛት ከበላው ግን አንጀቱንና ኩላሊቱን የሚጎዳ መርዝ ነው። ልጓም አፉ ውስጥ ያለ ፈረስ አይበላም ብላችሁ አትመኑ። የኔዋ ባዝራ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በከንፈሯ አንድ በአንድ ስትለቅም፣ ሲሰበር ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምቼ ነው ያወቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከኦክ ሥር አላቆማትም። ሲካሞር የሚባለው ዛፍ ክንፍ ያለው ዘርም ከዚህ የባሰ አደገኛ ነው፤ ፈረሱ የሚውልበትን መስክ በየጠዋቱ ተመልከቱ።

በር ከፍቶ መዝጋት የሁሉም ሥራ ነው። መጨረሻ የሚያልፍ ሰው ይዘጋል፤ ከፊቱ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ግን እሱ ዘግቶ፣ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ ቆመው ይጠብቁታል። ብቻውን ከተዉት ፈረሱ ይደነግጥበታል። የተዘራ መሬት አትርገጡ፤ በጎች ወይም ከብቶች ካሉ በእርምጃ እለፉ። ገበሬውን በትራክተሩ ላይ ካያችሁት ቆማችሁ አመስግኑት። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በእሱ ፈቃድ ነው። እኛ ከገበሬ ቤት የወጣን ሰዎች በሰው እርሻ ላይ ፈረስ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን።

የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ ሁለት መስመር ጋልባችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ፈረሱ ገና ጉልበት ሳለው ቀኑ ቢያልቅ ለሚቀጥለው ጊዜ በጎ ነገር ያስታውሳል፤ የደከመ ፈረስ ደግሞ አጥር ይነካል፣ ይሰናከላል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የቀረው ጉልበት ስንት እንደሆነ ማስተዋል የጋላቢው ድርሻ ነው። የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ አላልታችሁ በእግር ምሩት። መኪናው ጋ ስትደርሱ ውኃ ስጡት፤ ላብ ያለበትን እጠቡና ልብስ ደርቡለት። ከዚያ በባዶ እጅ፣ ያለ ጓንት፣ አራቱንም እግሮች ከጉልበት እስከ ሰኮና ዳስሱ። እዚህ የቁጥቋጦው አጥር ጥቁር እሾህ የሚባል ተክል አለበት። ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ አንጓ ወይም ጅማት አጠገብ ከገባ መግል ይዞ ፈረሱን ሊያሽመደምደው ይችላል። ከእህል ቅንጣት የማይበልጥ እብጠት እንኳን ብታገኙ ዐይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ፤ አንጓ አጠገብ ከሆነ ወይም ፈረሱ ካነከሰ የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ጥሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ከጋጣው አውጡትና በእጅ ይዛችሁ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሩጡት። ከሩቅ ሌላ ሰው ይመልከት፤ ማንከስ ካለ በዚያ ይታያል። እግሮቹ ደህና ከሆኑ አጭር እርምጃ ወይም መስክ ላይ መለቀቅ ይበቃዋል። ኮርቻው ባረፈበት ቦታ ያበጠ ወይም የተላጠ ካለ እስኪድን ኮርቻ አይጫን። ለጸሐፊውም የምስጋና መልእክት ላኩ፤ ገበሬዎቹ ዘንድ ይደርሳል።

ፈረስ መጋለብ የማትችሉ ግን በደንብ የምትሮጡ ወገኖች ደግሞ አላችሁ። ማኅበራቱ መስመር የሚጥል ሯጭ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ፤ ብላድሀውንድ ያላቸው ደግሞ ያለ ሯጭ መውጣት አይችሉም። ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ በጭቃና በታረሰ መሬት መሮጥ የሚችል፣ ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ካገኙ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚቀበሉት፤ ክፍያም አይጠይቁትም። ለጸሐፊው በመስከረም መጀመሪያ ጻፉ፤ መስመሩን ከገበሬው ጋር እየዞሩ የሚያሳዩት በዚያን ጊዜ ነው። ጥርስ ያለው የጭቃ ጫማና የማትሳሱለት ልብስ ያዙ፤ የአኒሱ ዘይት ከነካው በሁለተኛ እጥበትም አይለቅም።